የአፈር አድራሻ

ሰው በሬው ቢጠፋ ዱካ ይከተላል፤
አፈሩ የጠፋ ማንን ይጠይቃል?

እኔ የአርማንያው የገደል ላይ አራሽ፣
በየመስከረሙ የድንጋዩ ወራሽ፣
ሮቢ ወንዝ በሌሊት ሲያጓራ ስሰማ፣
የኔው ማሳ ነበር ድምፁን ያጎረነነው በዚያ ጨለማ።
ማሳዬ ከሳብኝ፣ ገጠጠ አጥንቱ፤
ጤፉ ጉልበት ሳይደርስ ቀረብኝ ቁመቱ።
ጋይ አነደድኩበት፣ ከደገኛ አማቴ እንዳየሁት፤
አንድ ዓመት አጎረሰኝ፣
በሁለተኛው ግን አመድ ነው ያጨድኩት።

ጥር ላይ ወረድኩ ቆላ፣
ለቀን ምንዳ፣ ሸዋ ሮቢት፣ ሽንኩርት ነቀላ፤
እኔ! ባለ ጥማዱ፣ ባለ ጎተራው፣
በሰው መደብ መሐል ወገቤን ላጎብጠው።
ጎንበስ ብዬ ስዘግን እጄ ቀድሞኝ አወቀው።
ጥቁር ነው፤ ጥቁሩ ውስጥ ቀይ ጠጠር አለበት፣
ከአያቴ ማሳ ራስ፣ ከዚያች ቀይ ቋጥኝ በቀር
እግዜር የትም ያልዘራበት።
«ይህ አፈር የኔ ነው!» አልኩ፣ ሳላስበው ጮክ ብዬ።

እንድሪስ፣ ባለ መሬቱ፣ ሳቀብኝ፦
«ስም ተጽፎበታል? እስቲ አንብብልኝ!»
ደግሞ ሳቁን ዋጠ፤ ክንዴን ይዞ ቤቱ ወሰደኝ፤
ግድግዳው ላይ፣ ከደረቴ ከፍ ብሎ፣ የጎርፍ መስመር አሳየኝ።
«ይህችም ያንተው ናታ! ነሐሴ ሲጋመስ፣
በር ሳታንኳኳ ገብታ፣
ሁለት ፍየል፣ አንድ አልጋ፣ የልጄን ደብተሮች ይዛ የወጣች ማታ።
አፈርህን ውሰድ፣ እሺ፤
ፍየሎቼንስ ከማን ልውሰድ?»

ዝም አልኩ።
የተዘረፍኩ መስሎኝ፣ ለካ ስዘርፍ ኖርኩ።

የካቲት አጋማሽ አንድ አይሱዙ ዳገቱን እያቃሰተ ወጣ፤
ዶማ፣ አካፋ፣ መዶሻ፣ ሰው ጭኖ መጣ፤
ከእጃቸው ላይ ገና የሽንኩርቱ ሽታ አልጠፋም።
የኛ ሰው ተጠራጠረ፤ ከአጥሩ ማዶ አላለፈም፦
«ቆለኛ ዳገት ወጥቶ ምን ሊወስድ ነው የመጣ?»
«ምንም» አለ እንድሪስ፤ «አፈራችሁ እዚሁ ይቀመጥ፤
ውሃውም ሲመጣ፣ እንደ ሰው፣ ቀስ ብሎ በእግሩ ይምጣ።»

ውሃ ልኩን የያዘች አስካለ ናት፤
ሁለት ዘንግ፣ አንድ ሲባጎ፣ መሐሉ ላይ የምትዋኝ አረፋ አለቻት፤
አረፋዋ መሐል ካልቆመች ማንም ድንጋይ አይጥልም።
«ዓይን ውሸታም ነው» ትላለች፤ «ዳገት በዓይን አይለካም።»
ሟቹ ባሏ በግምት የካበው እርከን
ባንድ ሐምሌ ሲናድ፣ ቆማ አይታዋለች።

ደሾ ሣር ተከልን በእርከኑ ከንፈር፤
ከብት ታሰረ፣ ልቅ ግጦሽም ቀረ፤
በስብሰባ እንዳይመስላችሁ! በስድስት ቀን ጠብ፣
በሁለት ሽማግሌ፣ ባንድ የተሰበረ በትር።
ሣሩን አጭደን በዕጣ ተካፈልን፤ ፍጉም ወደ ማሳ ተመለሰ፤
ጤፍ በነበረበት ባቄላ ነገሠ።
ጎሽሜ ብቻ እምቢ አለ፦ «እርከን መሬት ይበላል።»
ማሳው መሐላችን ላይ እንደ ወለቀ ጥርስ ቦታ ይታያል።

የሁለተኛው ዓመት ሐምሌ።
ዝናቡ ቆርቆሮዬን ሲወቅጥ፣ ጆሮዬን ለወንዙ ሰጠሁ፤
ሮቢ ያጓራል፣ ግን ድምፁ ቀጥኗል፤ ጩኸቱን ለምጄው ኖሮ እንቅልፍ አጣሁ።
ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ስልኬ ጮኸ። እንድሪስ ነው።
«ግድግዳውስ?» አልኩት።
«ከቁርጭምጭሚቴም አላለፈ።
ብቻ ጥቂት አፈር ደጄ ላይ አራግፏል፤ የማን ነው?»
«ቀይ ጠጠር አለበት?»
ባትሪ ሲያበራ፣ በጣቱ ሲበረብር፣ ሲተነፍስ ሰማሁት።
«የለበትም።»
«የጎሽሜ ነው» አልኩት።
«አድራሻውን አውቀዋለሁ፤
ሲነጋ፣ በሩን አንኳኩቼ እገባለሁ።»